ከወርቅያ ምድር ቤት

አሥራ አንድ ደረጃ ቁልቁል፣ ስምንተኛው የተሰበረ፣
አዲስ ገቢ እዚያ ላይ ነው ሳያስበው የጨፈረ።
እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ፈታሽ፣ ከፋይ ቆጣሪ፣ አስታራቂ፣
የሰከረ አልቃሽ ደጋፊ፣ የጠፋ ጫማ ጠባቂ።

አራዳ፣ ከፒያሳው ቁልቁል፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ፣
ጠጅ ቤት የነበረ ቤት ነው፤ ማሲንቆ ያደረ፣ ያነባ።
ወርቅያ ካባቷ ወርሳ ግድግዳውን ጥቁር ቀባች፣
አንዲት የመስታወት ኳስ ከባሕር ዳር አስመጣች፣
ግማሽ ገላዋ ረግፎ ግማሽ ጣራ ብቻ አበራች።

ከዚያ አዛናው መጣ፣ ማራኪ ግቢ ሕግ የሚማር፣
ፍላሹን ከማተቡ ጋር ባንድ ክር የሚያስር።
«ትራንስ ይባላል» አለን።
«ዘፋኙስ?» «የለም።»
«ግጥሙስ?» «እሱም የለም።»
«ታዲያ ምን አለው?»
ሰካው።

ሰዉ ቆመ መጀመሪያ፣ ቢራውን ይዞ፣ እንደ ለቅሶ ቤት።
ምቱ አይሄድም፣ አይመጣም፤ ይወጣል እንጂ እንደ ዳገት፤
ጫፍ ደረስኩ ስትል ሌላ ጫፍ ያሳይሃል፣
ሰባት ደቂቃ ሙሉ ልብህን በገመድ ይጎትትሃል።

ጋሽ ሽባባው ጥግ ነበሩ፣ የቤቱ የድሮ አዝማሪ፣
ከቡርቧክስ የመጡ፣ ባንዲት ጭራ አዳሪ።
«ይህንንማ አውቀዋለሁ፤ የዛር ሌሊት ከበሮ ነው፤
ቃል የለውም፣ ቃሉን የሚያመጣው የሚወርድበት ሰው።»
ብለው ማሲንቋቸውን አነሡ። አንዲት ክር።
በዚያ ሁሉ ጉልበት መሃል፣ እንደ ሲቃ፣ እንደ ምስክር።
ትከሻችን ምቱን ያዘው፣ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ፤
ያን ምሽት በር ጠባቂው በሩን ትቶ ከመሃል ተገኘ።

መብራት ይሄዳል ደግሞ፤ ያው የጎንደር መብራት።
ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አራት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ስምንት።
ማንም አይወጣም። በጨለማው እናጨበጭባለን፣
ምቱን በመዳፍ ተቀብለን፣ እንዳይወድቅ እየያዝን፤
ወርቅያ ከላይ ናፍጣ እየቀዳች ስትሳደብ፣
እኛ ታች፣ ሁለት መቶ እጅ፣ አንድ ልብ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰው ሁሉ እንዳየው ያወራል።
እኔ የማውቀው በሩን ነው።

መጀመሪያ ስልክ ገባ። እጅ ሁሉ ስልክ አንሥቶ ማጨብጨቢያ አጣን።
ከዚያ ሰባት ደቂቃው በዛ ተባለ፣ «ዲጄ፣ ቀይር እንጂ!»
ዳገቱን አስቀርተን ጫፍ ጫፉን ብቻ ሸጥን።
ከዚያ አዘዞ መንገድ ላይ ባለ ሶፋው ክለብ ተከፈተ፤
መቆም የአስተናጋጅ ሆነ።
ከዚያ ሰዓት እላፊ።
በሩን ከምሽቱ ሁለት ላይ በገዛ እጄ ቆለፍኩ፣
ሌሊቱን ለውሻና ለጠባቂ ለቀቅን።

ወርቅያ እልኸኛ ናት፤ ቀኑን ልታጨልም አሰበች፣
በራፉ ላይ ጥቁር ሸራ ሰቅላ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከፈተች።
አሥራ ሦስት ሰው መጣ።
ሲወጡ ፀሐይዋ ደረጃው አናት ላይ ትጠብቃቸዋለች፣
እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው
እንደ ተያዘ ሌባ ተበተኑ።
ጋሽ ሽባባው በዚያው ክረምት አረፉ።
ማሲንቋቸውን ማን እንደወሰደው እንጃ።

ዛሬ ምድር ቤቱ የሽንኩርት መጋዘን ነው።
ስምንተኛው ደረጃ በሲሚንቶ ተጠግኗል፤
ተሸካሚ አይሰናከልም።
ድምፅ ማጉያዎቹ ለሠርግ ድንኳን ይከራያሉ።
አዛናው አውቶ ፓርኮ አጠገብ ስልክ ይጠግናል፤
«ድምፅ አልሰማ አለኝ» ይሉታል ደንበኞቹ፣
«እኔንም» ይላል።

ትናንት ማታ ልጄ ረድኤት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ፣
ጆሮዋን ደፍና፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።
«ምንድነው?» አልኳት። አንደኛውን አውጥታ ሰጠችኝ፤
የጭፈራው ቤት ስፋት ዛሬ አንድ ጆሮ ነው።
ቃል የለውም። ይወጣል። ይወጣል።
እኩል ላይ መብራት ሄደ።

ዘፈኑ ግን አልቆመም፤ እሷም ልብ አላለችም።
እኔ ነኝ በጨለማው
ሁለት መዳፌን ከፍቼ
የሚወድቅ ነገር የጠበቅኩ።